ክሬንን ማደን የገበሬውን በቆሎ አያድንም

በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ሳንድሂል ክሬን የሚባለውን፣ ሽመላ የሚመስለውን ግንባረ ቀይ ወፍ ማደን እንዲፈቀድ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2021 ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ደጋፊ አላጣም፤ እኔ ግን እቃወማለሁ። ቢሾፍቱ ጨለለቃ ዳር ሲመሻሽ፣ ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡት የዚህ ወፍ ዘመዶች እየተጠራሩ ሲያርፉ የሰማ ሰው ስሜቴን ይረዳዋል። ለአደኑ የሚቀርቡትን ምክንያቶች ግን አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

«አደኑ በቆሎውን ያድናል»

የገበሬው ቅሬታ እውነት ነው። በቆሎው ገና ብቅ ሲል ክሬኑ ረድፉን ይዞ ይሄዳል፤ ቡቃያውን በመንቁሩ ይነቅልና ከሥሩ ያለችውን ፍሬ ውጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ገበሬው ሲደርስ የሚያገኘው መሬት ላይ የጠወለገ ቡቃያ ነው። ይህ የሚሆነው ግን በግንቦት ገደማ ነው፤ አደን የሚከፈተው ደግሞ ከመስከረም ወዲያ፣ ወፎቹ ወደ ደቡብ ሊጓዙ ሲሰባሰቡ። ያን ጊዜ የሚገደለው ወፍ የዚያን ማሳ ቡቃያ ነቅሎ የማያውቅ፣ ከሰሜን መጥቶ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል።

የሚሠራው መፍትሔ ዘሩ ላይ ነው። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት አንትራኩዊኖን በሚባል ንጥረ ነገር ይታሻል። ክሬኑ አንድ ሁለት ፍሬ ቀምሶ ይተወዋል፤ ከማሳው ሳይወጣም ትልና ጥንዚዛ ይለቅማል። ወጪው ግን ገበሬው ላይ ይወድቃል። ሕግ አውጪዎች ገበሬውን መርዳት ከፈለጉ ይህን ወጪ ይሸፍኑለት።

«ያለ አደን ካሳ የለም»

አሁን ባለው የግዛቱ ሕግ በክሬን ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚከፈለው አደኑ ከተፈቀደ ብቻ ነው። ሁለቱን ያሰረው ሕግ ነው፤ ሕግ ሊፈታቸውም ይችላል።

«እንደ ዳክዬ ቶሎ ይተካሉ»

ዳክዬ በአንድ ጊዜ አሥር ያህል እንቁላል ትጥላለች። ክሬን የምትጥለው ሁለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ የሚያድገው አንዱ ጫጩት ብቻ ነው። ለመራባትም ጥቂት ዓመታት ይፈጅባታል። ጫጩቱ የመጀመሪያውን የስደት መንገድ የሚማረው ከወላጆቹ ጋር እየበረረ ነው፤ በመኸር እናት ወይም አባት ሲመታ መንገድ መሪውን ያጣል።

ዛሬ ብዙ መሆናቸውን አልክድም። በ1930ዎቹ ግን በመላው ዊስኮንሲን የቀሩት 25 ጥንድ ያህል ነበሩ። ከዚያ ተነሥተው እዚህ የደረሱት ለአሥርታት ሳይታደኑ ስለኖሩ ነው። አሁንም ወደ ደቡብ ሲወርዱ በመንገዳቸው ጥይት ይጠብቃቸዋል፤ ኬንታኪ ከ2011፣ ቴነሲ ከ2013፣ አላባማ ከ2019 ጀምሮ አደኑን ፈቅደዋል።

«አዳኝ ወፉን አይሳሳትም»

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሁፒንግ ክሬን የሚባለው ነጭ ዘመዱ በ1941 ከሃያ ብዙም በማይበልጡ ወፎች ቀርቶ ነበር። ከ2001 ጀምሮ ዊስኮንሲን ውስጥ በኔሴዳ የዱር እንስሳት መጠለያ ብዙ ተደክሞ አዲስ መንጋ ተመሥርቷል። እነዚህ ወፎች ከሳንድሂል ክሬን ጋር ተቀላቅለው ይመገባሉ፣ ይበርራሉም። ጎህ ሲቀድ፣ ብርሃኑ ከኋላቸው ሲመጣ፣ ነጩም ግራጫውም ጥቁር ጥላ ነው። በዚያ ላይ የዓመቱ ጫጩት ገና ነጭ አልሆነም፤ ቡናማ ዝንጉርጉር ነው። በዚህ መንጋ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቢቆጠሩ መቶ አይሞሉም።