የቫልቭና የፒስተን ክፍተት ምንድን ነው?

ቫልቭ ሲከፈት ወደ ታች፣ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ፒስተን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ቦታው አንድ ነው፤ የሚጠቀሙበት ተራ በተራ ነው። ሁለቱ በጣም በሚቀራረቡበት ቅጽበት በመሃላቸው የሚቀረው ስፋት ነው የቫልቭና የፒስተን ክፍተት የሚባለው።

በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ከሚለካው ክፍተት ጋር እንዳይምታታ። ጋራዥ ሄደን "ቫልቭ ይስተካከልልኝ" የምንለው በካሙ (ቫልቩን ገፍቶ በሚከፍተው ዘንግ) ወይም በሮከሩ (ግፊቱን ለቫልቩ በሚያቀብለው ክንድ) እና በቫልቩ ጭራ መካከል ያለውን ነው። እሱ ክዳን ተከፍቶ ይታያል። የዛሬው ግን ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከታሰረ በኋላ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ነው ያለው።

ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ሞተር ላይ ይህን የሚለካ የለም። ሥራው ዲዛይኑ ላይ አልቋል። ጣጣው የሚጀምረው ጉልበት ለመጨመር ተብሎ ካምሻፍት (ካሙ) ሲቀየር፣ በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ቀጭን ጋስኬት ሲገባ፣ አናቱ ከፍ ያለ ፒስተን ሲገጠም ነው። ቴስታታ ማስላግም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ሞተር ሞቆ ቴስታታው ስለጎበጠ ቶርኖ ቤት የተላከበት ሰው ይህን ያውቀዋል። በተላገ ቁጥር ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ትንሽ ይጠጋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ካም የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄ ሞተር ስንት ሊፍት ይችላል?" ብሎ ነው። ሊፍት ማለት ቫልቩ ሲከፈት የሚወርደው ርቀት ነው። ቫልቩ ብዙ ከወረደ ፒስተኑን ይመታል ብሎ ስለሚያስብ። እስኪ በሞተር ገጣሚዎች ዘንድ የታወቀውን የሼቭሮሌ 350 ስሞል ብሎክ እንውሰድ። አየር አስገቢው ቫልቭ እስከ መጨረሻው የሚከፈተው ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ካለፈ በክራንክሻፍቱ (ከፒስተኑ ጋር በተያያዘው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዙር 108 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው እንበል። በዚያ ሰዓት ፒስተኑ 64 ሚሊ ሜትር ያህል ወርዷል። ቫልቩ 13 ሚሊ ሜትር ቢወርድስ ማን ይነካዋል?

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ያው ፒስተን ከጫፉ 10 ዲግሪ ሲያልፍ የወረደው ገና አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆሟል ማለት ይቻላል። በዚህ አካባቢ ደግሞ ሁለቱም ቫልቮች ትንሽ ትንሽ ክፍት ናቸው፤ ኦቨርላፕ የሚባለው ጊዜ ነው። ጭስ አስወጪው ቫልቭ ሊዘጋ ሲመለስ ፒስተኑ ከኋላው ይከተለዋል። አየር አስገቢው ደግሞ መከፈት ጀምሮ የሚወርደውን ፒስተን እሱ ይከተላል። ብዙውን ጊዜ ጭስ አስወጪው በጣም የሚቀርበው ከጫፉ በፊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ አየር አስገቢው ደግሞ ከጫፉ በኋላ በዚያው ያህል።

ስለዚህ ሊፍታቸው እኩል የሆነ ሁለት ካሞች አንዱ በሰላም ሲሠራ ሌላው ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል። ልዩነቱ ታይሚንጉ፣ ማለትም ቫልቮቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ሰዓት ነው። ካሙን ወደፊት ብታስቀድሙት አየር አስገቢው ወደ ፒስተኑ ይጠጋል፤ ብታዘገዩት ጭስ አስወጪው። ካሙን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ሲበጠስ አንዳንድ ሞተር ቫልቩ ሁሉ የሚጣመመውም ለዚህ ነው። ክፍተቱ የነበረው ተራው እስከተጠበቀ ድረስ ብቻ ነበር።

ስንት ይበቃል? በብረት ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) የተለመደው ትንሹ ልክ ለአየር አስገቢው 2 ሚሊ ሜትር፣ ለጭስ አስወጪው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። አልሙኒየም ቢየላ ስለሚለጠጥ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለጭስ አስወጪው የሚጨመረው ስለሚግልና ስለሚረዝም ነው። ሌላም አለ። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ አንድ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል። ሞላው ከደከመ ቫልቩ በሰዓቱ አይመለስም፣ ፒስተኑም ከኋላ ይደርስበታል።

ለመለካት ቀላሉ መንገድ ልጆች የሚጫወቱበት ለስላሳ ባለቀለም ጭቃ ነው። ፒስተኑ አናት ላይ ይለጠፋል፣ እንዳይጣበቅ ቫልቩ ዘይት ይቀባል፣ ቴስታታው ይታሰራል። ከዚያ ክራንክሻፍቱ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ዙሩ መሃል ላይ ጠንከር ያለ ነገር ከያዘ አትግፉት፤ የምትፈልጉትን መልስ አግኝታችኋል። ካለቀ ቴስታታው ይፈታና ጭቃው በምላጭ ተቆርጦ በጣም የሳሳው ቦታ ይለካል። የቫልቩ ጠርዝ ከፒስተኑ ጉድጓድ ግድግዳ ምን ያህል እንደራቀም እዚያው ይታያል። ወደ ጎን 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢኖር ጥሩ ነው።

ጭቃ ግን ይዋሻል። ያልተጨመቀ አዲስ ጋስኬት ከገባ ክፍተቱ ሰፍቶ ይታያል። ሃይድሮሊክ ታፔት (በካሙና በቫልቩ መካከል ያለ፣ ውስጡ ዘይት የሚሞላ ገፊ) ካለም በሞላው ጉልበት ስለሚሰምጥ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ለሙከራው በድፍን ታፔት መተካት አለበት።

እኔ ለቁጥሩ የማምነው ዳያል ጌጅን (ጥቃቅን ርቀትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ነው። የቫልቩ ሞላ በለስላሳ ሞላ ይቀየራል፣ ክራንኩ ላይ ዲግሪ የተጻፈበት ክብ ሳህን ይታሰራል። ከጫፉ በፊት ከ20 ዲግሪ ጀምሮ ካለፈ በኋላ እስከ 20 ድረስ በየ2 ዲግሪው ይቆማል። በእያንዳንዱ ላይ ቫልቩን በእጅ ፒስተኑ እስኪነካ መጫንና ጌጁን ማንበብ ነው። አሰልቺ ነው። ግን በስንት ዲግሪ ላይ ስንት እንደቀረ በትክክል ይነግራል።

ቢጎድልስ? ወፍራም ጋስኬት መጨመር ይቻላል፤ ግን ኮምፕሬሽኑን (ሞተሩ አየሩን የሚጨምቅበትን መጠን) ይቀንሳል። ካሙን ጥቂት ዲግሪ ማዛወርም አለ፤ ለአንዱ ቫልቭ የሰጠውን ከሌላው ይወስዳል። ብዙ ገጣሚ የሚመርጠው ፒስተኑ ላይ ያለውን የቫልቭ ጉድጓድ ማስጠለቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን የፒስተኑ አናት ስንት ውፍረት እንዳለው ከሥር በኩል ይለካል። በጣም ከሳሳ ሙቀቱ ይበሳዋል።