እየነዱ ስልክ ማውራት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ የሚሻገር ሰው፣ ልብ አይለውም እንጂ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ለጥቂት ሰከንድ የዲሲን ክልል ይረግጣል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከሆነ የሚሻገረው፣ በአንድ ድልድይ ሦስት ሕግ ጣሰ ማለት ነው። ዋናው ነገር በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ እየነዱ ማውራት ክልክል ነው፤ በሃንድስ ፍሪ ማውራት ግን ለአዋቂ ሹፌር የተፈቀደ ነው። የሚለያዩት ዝርዝሩ ላይ ነው። ዝርዝሩን ደግሞ በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት የማውቀውን እዚህ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ሃንድስ ፍሪ ማለት ስልኩ እጅ ላይ የለም ማለት ነው። በመኪናው ብሉቱዝ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ ወይም መያዣው ላይ ተሰክቶ በስፒከር ማውራት ይቻላል። እኛ ሠፈር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስልኩን አፉ ፊት እንደ ዳቦ ይዞ «ስፒከር ላይ ነው እኮ!» ይላል። ስፒከር ላይ ቢሆንም እጁ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሃንድስ ፍሪ አይደለም። ሌላም አለ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ ደፍኖ መንዳት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አንዱ ጆሮ ክፍት መሆን አለበት።

በአሜሪካ በእጅ ይዞ ማውራትን በግዛት ደረጃ መጀመሪያ የከለከለችው ኒውዮርክ ናት፣ በ2001። ቀጥለው የመጡት ኒው ጀርሲና ዲሲ ናቸው። ሁለቱም ሕጋቸውን ሥራ ላይ ያዋሉት በአንድ ቀን፣ ጁላይ 1 ቀን 2004 ነው። ታክሲ መንዳት የጀመርኩት ዲሲ ስለሆነ ይህን ስጽፍ ትንሽ ደረቴ ነፋ ይላል። ያኔ አይፎን የሚባል ነገር አልተፈጠረም፣ ከእኛ ሹፌሮች ግማሹ የሚታጠፍ ስልክ ነበር የያዘው። ከተማዋ ግን ቀድማ አስባለች። የዲሲ ሕግ ሲወጣ ቅጣቱ 100 ዶላር ነበር። አንድ ደስ የሚል ነገርም ነበረበት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ሃንድስ ፍሪ መግዛቱን የሚያሳይ ማስረጃ ካቀረበ ቅጣቱ ይታገድለት ነበር። ዓላማው ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይገባኛል።

የዲሲ ሕግ ጥሪ ለመጀመርና ለመዝጋት፣ ስልኩን ለማብራትና ለማጥፋት እጅን መጠቀም ይፈቅዳል። 911 (የአደጋ ጊዜ ቁጥር) ወይም 311 (አስቸኳይ ላልሆነ የከተማ ጉዳይ) መደወል፣ ሆስፒታል፣ አምቡላንስ ወይም እሳት አደጋ መጥራትም አይከለከልም። ክልከላው የሚመለከተው በእንቅስቃሴ ላይ ያለን መኪና ነው።

ሜሪላንድ ቀስ እያለች ነው የመጣችው። በ2009 ቴክስት ማድረግን ከለከለች። በ2010 ኦክቶበር ላይ በእጅ ይዞ ማውራትን ጨመረች፣ ግን ፖሊስ ለዚህ ብቻ ብሎ መኪና ማስቆም አይችልም ነበር። ሌላ ጥፋት ካገኘ በኋላ ነው ይህንን የሚደርበው። ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ስልክ ብቻውን ማስቆሚያ ምክንያት ሆነ። ቅጣቱም ለመጀመሪያ 83፣ ለሁለተኛ 140፣ ለሦስተኛ 160 ዶላር ሆነ። በ2014 ደግሞ «የጄክ ሕግ» የሚባለው መጣ። ስሙ በ2011 መጨረሻ ባልቲሞር ውስጥ ስልክ ላይ የነበረ ሹፌር ገጭቶት በሞተ የ5 ዓመት ልጅ የተሰየመ ነው። ስልክ በእጁ ይዞ እየነዳ ሰው የገደለ ወይም ክፉኛ ያቆሰለ ሹፌር እስርና እስከ 5,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል።

ቨርጂኒያ ረጅም ታሪክ አላት፣ እኔም የምኖረው እዚያው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። በ2009 ቴክስት መጻፍና ማንበብ ተከለከለ፣ ግን እንደ ሜሪላንዱ ፖሊስ ለእሱ ብቻ አያስቆምም ነበር። በ2013 ያ ተስተካከለ፣ ቅጣቱም 125 ዶላር፣ ለሁለተኛ ጊዜ 250 ሆነ። ችግሩ ሕጉ የሚናገረው ስለ ቴክስትና ኢሜይል ብቻ መሆኑ ነበር። ሰውየው ፌስቡክ ላይ ሆኖ ቢያዝ፣ «ቁጥር እየደወልኩ ነበር» ቢል፣ ፖሊሱ ምን ብሎ ያረጋግጣል? መደወል አልተከለከለም። ስልክ በእጅ መያዝም አልተከለከለም። በዚህ ቀዳዳ ስንቱ ሾልኳል። በ2019 የመንገድ ሥራ ባለበት ቦታ ብቻ ስልክ መያዝ ተከለከለ፣ 250 ዶላር ያስቀጣል። በ2020 የግዛቷ ምክር ቤት ሙሉውን ሕግ አጸደቀ፣ አገረ ገዥው ራልፍ ኖርተም ፈረሙበት። የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 1 ነው የሚጀምሩት። ይኼኛውን ግን ሰው እስኪለምደው ብለው ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ገፉት። እንግዲህ ዲሲ ከጀመረች ከ16 ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። አልዘገየም አይባልም።

አዲሱ ሕግ ቀዳዳውን የደፈነው በአንድ ቃል ነው፦ «መያዝ»። ምን ስታደርግ ነበር የሚል ጥያቄ ቀረ። መኪናው እየሄደ ስልኩ እጅህ ላይ ከታየ አለቀ። የቅጣቱ መጠን 125፣ ለሁለተኛ ጊዜ 250 ዶላር ሆኖ ቀጠለ፣ በመንገድ ሥራ ቦታ 250፣ የፍርድ ቤቱ ወጪ ደግሞ በላዩ። አደጋ ሪፖርት ለማድረግ መደወል አይከለከልም፣ በሕጋዊ መንገድ ፓርክ ተደርጎ የቆመ ወይም የተገታ መኪና ውስጥ ሆኖ መያዝም አይከለከልም።

ይህ «የተገታ» የሚለው ቃል ነው ክርክር የሚያስነሳው። ቀይ መብራት ላይ መቆምስ? ብዙ ሰው «የተገታ» በሚለው ውስጥ ይገባል ብሎ ያነበዋል፣ እኔም እንደዚያ ነው የማነበው። ግን እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው መንገድ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ማታ 5 ሰዓት ነው፣ እዚህ በበጋ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነግቶ 12 ሰዓት ይሆናል፣ እናቴ የምትደውለውም ያኔ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ስልኩን አነሳሁ፣ «እማዬ ቆይ መልሼ እደውላለሁ» ልል። እማዬ ደግሞ የጎረቤት ለቅሶ ጀመረች፣ እንዴት ይቋረጣል? መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ስልኩ በቀኝ እጄ፣ መሪው በግራ፣ ተነሳሁ። ሁለት መኪና ያህል እንደሄድኩ ከኋላዬ መብራት በራ። ፖሊሱ ቀይ መብራቱን አላነሳም፣ የጻፈው ለእነዚያ ሁለት መኪና ርቀት ነው። መልሼ ሳስበው ልክ ነበር።

ሜሪላንድ ላይ ይኼ ነገር ይለያያል። በእጅ ይዞ የማውራት ክልከላ መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው፣ ቴክስት ግን መንገዱ መሃል እስካለህ ድረስ ቆመህም ቢሆን ክልክል ነው።

የጭነት መኪና የሚነዱ ወንድሞቻችን በዚህ ሁሉ ላይ የፌዴራል ደንብ አለባቸው። ለግል መኪና አገር አቀፍ ሕግ የለም፣ ለንግድ ከባድ መኪና ግን ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ በእጅ ይዞ ማውራት በመላ አሜሪካ ተከልክሏል። ጥሪ በአንድ ቁልፍ ብቻ ነው መነሳት ያለበት፣ ቀበቶ እንደታሰረ እጅ በሚደርስበት ቦታ። ጎንበስ ብሎ ከወለል ስልክ ማንሳት አይቻልም። ቀይ መብራት ላይ ወይም ትራፊክ ውስጥ ቆሜ ነበር ማለትም አያድንም። ደንቡ ሲወጣ ቅጣቱ ለሹፌሩ እስከ 2,750፣ ለድርጅቱ እስከ 11,000 ዶላር ነበር።

ወደ አትላንታ ዘመድ ጥየቃ የሚነዳ ሰው ጆርጂያን ይጠንቀቅ። ከጁላይ 2018 ጀምሮ እዚያ ስልክን በእጅ መያዝ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም የሰውነት ክፍል መደገፍ ክልክል ነው። ትከሻና ጆሮ መሃል መሰካት፣ ጭን ላይ ማስቀመጥ፣ እትዬዎቻችን እንደሚያደርጉት ሻሽ ውስጥ መሸጎጥ፣ ሁሉም ይገባበታል። ፔንስልቬንያ ደግሞ በ2025 ነው የጀመረችው።

ሃንድስ ፍሪም የተከለከለባቸው አሉ። ዲሲ ውስጥ የመለማመጃ ፈቃድ ያላቸውና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሮች፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ። ለሁሉም ሹፌር ሃንድስ ፍሪን የከለከለ ግዛት ግን በአሜሪካ የለም። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በዲሴምበር 2011 ሃንድስ ፍሪም ጭምር ይከልከል ብሎ ነበር። መነሻው በ2010 ሚዙሪ ውስጥ የደረሰ አደጋ ነው። በ11 ደቂቃ ውስጥ 11 ቴክስት የተለዋወጠ የ19 ዓመት ወጣት ከፊቱ ያለ ከባድ መኪና ገጨ፣ ሁለት የተማሪ አውቶቡሶች ደግሞ ተከታትለው መጡበት፣ 2 ሰው ሞተ፣ 38 ቆሰለ። ምክሩን የተቀበለ ግዛት አልተገኘም።

ጥናቶቹም አይስማሙም። የዩታ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዴቪድ ስትሬየር ለዓመታት የሚሉት፣ ችግሩ ወሬው እንጂ እጁ አይደለም፣ ሃንድስ ፍሪም ያው ነው ነው። የእኛው ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መኪና ውስጥ ካሜራ ተክሎ እውነተኛ ሹፌሮችን ሲከታተል፣ አደጋ የሚያመጣው ዓይንን ከመንገድ ላይ የሚያነሳው ነገር ነው፣ ማውራት ብቻውን ያን ያህል አይደለም አለ። እኔ ወደ ቨርጂኒያ ቴክ አደላለሁ፣ ምናልባት ስለሚመቸኝ። ግን በ2015 ትሪፕል ኤ ለሚባለው የአሜሪካ የመኪና ማኅበር ፋውንዴሽን የተሠራው የስትሬየር ጥናት ያመጣው ቁጥር አይረሳኝም። ለመኪናው ድምፅ አውጥቶ «እገሌ ጋ ደውል» ያለ ሹፌር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ እስኪመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። በሰዓት 25 ማይል የሚሄድ መኪና በዚያ ጊዜ ወደ 300 ሜትር ይጓዛል። ዲሲ ዩ ስትሪት ላይ ያ ሁለት ሦስት ብሎክ ነው፣ ከነእግረኛ ማቋረጫው።