ታሊሊን፦ በጎ ፈቃደኞች ያተረፉት የዌልስ ባቡር

ታሊሊን ዌልስ ውስጥ፣ በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከታዊን ከተማ ተነስቶ ወደ ተራራው የሚወጣ ትንሽዬ የእንፋሎት ባቡር ነው። መስመሩ 12 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት 686 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመደበኛው ባቡር ግማሽ አይደርስም። በዚያው አካባቢ ታሊሊን የሚባል ሐይቅ አለ፤ ባቡሩ ግን እዚያ ድረስ አይሄድም፣ ሐይቅ አያለሁ ብሎ የሚሳፈር ሰው ቢኖር ይወቀው። ይህን ያህል የሚወራለትም በመጠኑ አይደለም። በዓለም ላይ ሊዘጋ ሲል በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ያስቀጠሉት የመጀመሪያው ባቡር ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው፣ ያውም ከአሜሪካ ጥጥ። በ1861 አሜሪካኖች እርስ በርስ ጦርነት ሲገቡ የማንቸስተር ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ። ማክኮኔል የሚባሉ የፋብሪካ ባለቤቶች ገንዘባቸውን ሌላ ቦታ ለማዋል ሲፈልጉ ተራራው ላይ ያለው የብሪን ኤግልዊስ የድንጋይ ካባ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ከዚህ ካባ የሚወጣው እየተሰነጠቀ እንደ ቆርቆሮ ለቤት ክዳን የሚሆን ስስ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ጥሩ ነበር፣ ችግሩ ማጓጓዣው ነው፣ በፈረስ ጀርባ እየተጫነ ነበር የሚወርደው። ስለዚህ ባቡር ይሠራ ተባለ። ፓርላማው በ1865 ፈቀደ፣ በ1866 ደግሞ ሰው መጫን ተጀመረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ጠባብ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምሩት በፈረስ ጉተታ ነበር። ይኼኛው ግን ከመጀመሪያውኑ በእንፋሎት ሰው እንዲጭን ታስቦ የተሠራ ነው።

አሁን ስለ በሮቹ። የመንግሥት መርማሪው መስመሩን ሊያይ ሲመጣ፣ ባቡሩ በድልድዮቹ ሥር ሲያልፍ በፉርጎውና በግንቡ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከሕጉ በታች ሆኖ አገኘው፤ በር ከፍቶ መውጣት አይቻልም ማለት ነው። ድልድዮቹን አፍርሶ መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ በአንድ ጎን ያሉትን በሮች ለዘለዓለም መዝጋት፣ ሃዲዱን ከድልድዩ መሐል ወደ ተዘጋው ጎን ጠጋ ማድረግ፣ በሌላው ጎን ሰው ሊወጣበት የሚችል ቦታ መተው። ዛሬም የባቡሩ በሮች የሚከፈቱት በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ መሳፈሪያዎቹም ሁሉ በዚያው በኩል ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከመስመሩ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ደስ የሚል ነገር የለም።

የካባው ሠራተኞች የሚኖሩት አበርጊኖልዊን በምትባል መንደር ነው። ሃዲዱ ከመንደሯ በላይ በተራራው ወገብ ስለሚያልፍ፣ ፉርጎዎች በገመድ ታስረው በቁልቁለቱ እየተለቀቁ እስከ ቤቶቹ ጓሮ ይወርዱ ነበር። ከሰል ያመጣሉ፣ ሲመለሱ የሽንት ቤቱን ቆሻሻ ይዘው ይወጣሉ። ይህ በቱሪስት ፖስተር ላይ አይታተምም፣ ግን የመንደሩ ሰው ባቡሩን የሚያውቀው በዚህም ጭምር ነው። ለጎብኚ የተሻለ ነገር ነበረለት። ሰዎች ባዶ የድንጋይ ፉርጎ ተከራይተው ሲዝናኑ ይውሉና፣ ማታ ያለ ሎኮሞቲቭ፣ በቁልቁለቱ ብቻ እየተንደረደሩ ታዊን ይገባሉ። የዛሬ መድን ድርጅት ይህን ቢሰማ ራሱን ይስታል።

የክዳን ድንጋዩ ገበያ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ማክኮኔሎች ሸጠው ወጡ። በ1911 ካባውንም ባቡሩንም የገዛቸው ሄንሪ ሃይድን ጆንስ ነው፣ የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ። ትርፍ ኖረም አልኖረም፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ባቡሩ አይቆምም አለ። ቃሉንም ጠበቀ። ማደሻ ገንዘብ ግን አልነበረም። መስመሩ ከ80 ዓመት በላይ የሠራው በሁለት ሎኮሞቲቮች ብቻ ነው፣ በ‹ታሊሊን› እና በ‹ዶልጎኽ›። በ1946 መጨረሻ ካባው ተደረመሰና ተዘጋ። ‹ታሊሊን› ቀድማ ከሥራ ወጥታለች። ሃዲዱ በሣር ተውጧል፣ የሚሸከሙት እንጨቶች በስብሰዋል፣ ‹ዶልጎኽ› ብቻዋን በሳምንት ጥቂት ቀን ትመላለሳለች። በ1947 መንግሥት የአገሪቱን ባቡሮች በሕግ ሲወርስ ታሊሊን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ብንወረስ ኖሮ ወዲያው እንዘጋ ነበር የሚሉ አሉ፣ እኔም ትክክል ይመስለኛል።

ሃይድን በሐምሌ 1950 ሞተ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ቶም ሮልት የተባለ መሐንዲስና ጸሐፊ በርሚንግሃም ውስጥ ስብሰባ ጠራ። ሐሳቡ ባቡሩን በነፃ በሚሠሩ ሰዎች ማንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በፊት ይህን የሞከረ የለም፣ ስለዚህ እብደት ቢመስል አይገርምም። የሟቹ ባለቤት አክሲዮኑን ለመስጠት ተስማማች። ግንቦት 14 ቀን 1951 የመጀመሪያው ባቡር ከታዊን ተነስቶ እስከ ሪድሮነን ጣቢያ ሄደ።

አንድ ሎኮሞቲቭ ይዞ ግን የትም አይደረስም። ጎረቤት ያለው የኮሪስ ባቡር በ1948 ተዘግቶ ስለነበር፣ የቀሩትን ሁለት ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዙ። የሃዲዱ ስፋት አንድ ነው። ቁጥራቸውም 3 እና 4 ነበር፤ ታሊሊን ደግሞ 1 እና 2 ብቻ ነበረው፣ ስለዚህ መቀየር እንኳን አላስፈለገም። አንዷን ‹ሰር ሃይድን› አሏት፣ ሌላዋን በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ስም ‹ኤድዋርድ ቶማስ›። ደስታው ብዙ አልቆየም። የ‹ሰር ሃይድን› ጎማ ጠባብ ነው፣ ሃዲዱ ደግሞ በእርጅና ተከፍቷል፣ ስለዚህ ከመስመር ወጣች። ‹ኤድዋርድ ቶማስ›ን ሊድስ ያለ ፋብሪካ በነፃ አድሶ መለሳት።

መስመሩን ያዳነው ድህነቱ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ገንዘብ ቢኖር አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ተጥለው አዲስ ይገዛ ነበር። አልተገዛም፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ዛሬም አሉ። ትኬት በመስኮቱ ይሸጥበት የነበረው የፍሬን ፉርጎ ሳይቀር አለ። እርግጥ ሁለቱ ሎኮሞቲቮች ብዙ ጊዜ ፈርሰው ተሠርተዋል፣ ከመጀመሪያው ብረታቸው ስንቱ እንደቀረ ማከራከሩ አይቀርም።

በጎ ፈቃደኞቹ ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ከተሞች የመጡ ናቸው፣ ድንጋዩን የፈለጡት ግን ዌልሽ ተናጋሪ ሠራተኞች ነበሩ። ለብዙ ጊዜ ሲወራ የኖረው ስለ ሎኮሞቲቭ ነው፣ ስለ ካባው ብዙም አልተባለም። በ2021 ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የክዳን ድንጋይ አካባቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ካባውን፣ መንደሯን እና ባቡሩን አንድ ላይ ነው የያዘው። እንዲያ ነው መሆን የነበረበት።

በ1976 መስመሩ ከአበርጊኖልዊን አልፎ እስከ ናንት ግወርኖል ተራዝሟል፣ ድሮ ድንጋይ ብቻ ይመላለስበት በነበረው ክፍል። ታዊን ጣቢያ ውስጥ የጠባብ ሃዲድ ባቡሮች ሙዚየም አለ። ሥራው አሁንም በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኛ ነው የሚሠራው። ሎኮሞቲቭ ለመንዳት ከታች ጀምሮ መማር ግድ ነው፣ ማጽዳት፣ ከዚያ እሳት ማንደድ፣ ከዚያ መንዳት። ፏፏቴ ማየት የሚፈልግ ዶልጎኽ በሚባለው ጣቢያ ወርዶ በሚቀጥለው ባቡር መቀጠል ይችላል።