ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ፦ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው የኢትዮጵያውያን ቤት

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጣሊያኖች ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይሏታል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለታቸው ነው። ከእሷ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ በቫቲካን የአትክልት ስፍራ፣ ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይገኛል። ብዙ አገሮች ሮም ላይ ለካህናቶቻቸው ኮሌጅ አላቸው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የተሠራው ግን የኢትዮጵያ ነው። ይህ በአንድ ቀን የተገኘ ክብር አይደለም። ቤቱ እዚህ የደረሰው በመጽሐፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቤተ ክርስቲያኗ በጣም አሮጌ ናት። ትውፊቱ መሠረቷን በ5ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (የሮም ፓፓ) ከታላቁ ልዮን ጋር ያያይዘዋል። ዛሬ የምትታየው በተለያየ ዘመን የታደሰችው ናት። የአሁኑ ግዙፍ ባዚሊካ ሲሠራ በአካባቢው ብዙ ነገር ፈርሷል፤ እሷ ተርፋለች። በ15ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጧቸው። ያኔ መነኮሳቱ በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም ይደርሱና፣ ከዚያ የጴጥሮስና የጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ወደ ሮም ይሻገሩ ነበር። ማረፊያ አጥተው እንዳይንገላቱ ነው ቤቱ የተሰጣቸው።

ማረፊያው ግን ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤት ሆነ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ጀርመናዊ ቄስ ሮም ሳለ የኢትዮጵያውያኑን ዜማ ሰምቶ ልቡ ተነካ። ቋንቋቸውን ከእነሱው፣ በተለይም ከአባ ቶማስ፣ ተማረ። በ1513 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። በእኛ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ መነሳት ያለባቸው ሰው ግን አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው። ሮም የደረሱት የግራኝ አህመድ ጦርነት አገሩን ባመሰበት ዘመን ነው። ገዳማት ሲነዱ፣ መጻሕፍት ሲጠፉ ያየ ትውልድ ሰው ናቸው፤ ደብረ ሊባኖስ ራሷ ተቃጥላለች። አባ ተስፋ ጽዮን ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ለማሳተም ተነሱ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ደገፏቸው። ኋላ በተራቸው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒም ከጎናቸው ቆሙ። መጽሐፉ በ1548 እና በ1549 ወጣ። የቅዳሴ ጸሎትም አብሮት ታትሟል።

ሥራው እንዴት እንደተሠራ የምናውቀው ከራሳቸው ማስታወሻ ነው። የያዙት የሐዋርያት ሥራ ቅጂ የተሟላ ስላልነበረ አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መለሱት፤ ይህንንም ሳይደብቁ ጻፉት። ስለ ስህተቶቹም አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኔ ደግሞ ማተም አላውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን ይላሉ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ እኚህ አባት በአገራችን ከሚታወቁት በላይ ሊታወቁ ይገባል። የታተመ የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ያገኘነው በእሳቸው ድካም ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላም ቤቱ አልተዘጋም። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን እዚያው አገኛቸው። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብለው አገሩ በደም ከታመሰ፣ ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መነኮሳትን) ካባረሩ በኋላ በስደት የወጡ ናቸው። ያ ዘመን በካቶሊክና በኦርቶዶክስ ምእመናን መካከል ጥሎት ያለፈው ቁስል ቀላል አይደለም፤ አልፎ አልፎ ዛሬም ይሰማል። ከዚያ ጠብ የተሰደደው ሊቅ ግን ለፕሮቴስታንቱ (ለሉተራኑ) ሊቅ ለሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ አስተማረ። የሉዶልፍ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚህ ወዳጅነት የተገኙ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ አረፉ።

ከዚያ በኋላ የተሳላሚው ቁጥር እየሳሳ መጣ። ቤቱ እንደገና ነፍስ የዘራው በ1919 ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 15ኛ ለግዕዝ ሥርዓት ካህናት፣ ማለትም በግዕዝ ለሚቀድሱ ካቶሊካውያን ካህናት፣ ማሠልጠኛ፣ ማለትም ዘርአ ክህነት፣ አድርገው ከፈቱት። ፒዮስ 11ኛ ደግሞ በአትክልቱ ስፍራ አዲስ ሕንፃ አሠሩለትና በ1930 ጳጳሳዊ ኮሌጅ የሚለውን ማዕረግ ሰጡት።

ዛሬ ኮሌጁ ውስጥ የሚኖሩት በአብዛኛው ክህነት የተቀበሉ አባቶች ናቸው። ከኢትዮጵያም ከኤርትራም ይመጣሉ። ማደሪያቸው፣ ጸሎታቸውና ማዕዳቸው እዚያ ነው። ትምህርቱን ግን የሚከታተሉት በሮም ባሉት ጳጳሳዊ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የኤርትራ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከ2015 ጀምሮ በራሷ ሜትሮፖሊታን (የበላይ ሊቀ ጳጳስ) ትመራለች። ኮሌጁ ግን የሁለቱም ሆኖ ቀጥሏል። በ2020 መጀመሪያ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የኮሌጁን ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ምክንያት አድርገው ሲቀበሉ ከፊታቸው የቀረቡት የሁለቱም አገር ልጆች ነበሩ። በሁለቱ አገሮች መካከል የደረሰውን መከራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሴውም የራሳችን ነው። በግዕዝ ሥርዓት ከወንጌል በፊት የጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራና ከዳዊት ሚስባክ ይሰማል። በአገር ቤት ደቡብና ምዕራብ ያሉት ብዙዎቹ ካቶሊካውያን የላቲን ሥርዓት (የሮምን የቅዳሴ ሥርዓት) ስለሚከተሉ ንባባቸው በሌላ ዑደት ይሄዳል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ሰነድ ቅዱስ መጽሐፍ ለምእመናን ሁሉ በስፋት እንዲከፈት አዟል። ፍራንቸስኮስም በ2019 በየዓመቱ አንድ እሑድ ለእግዚአብሔር ቃል እንዲሰጥ ወሰኑ። ሰነድ ግን ብቻውን አያስተምርም። በየደብሩ መጽሐፉን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ከሮም የሚመለሱት ካህናት ጥቅማቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቹ በዘርአ ክህነት ያስተምራሉ፣ አንዳንዶቹ የካቴኪስቶችን (የእምነት መምህራንን) ሥልጠና ይይዛሉ፣ ሌሎቹ ወደ ቁምስናቸው፣ ማለትም ወደ ደብራቸው፣ ይመለሳሉ። ቁምስና ላይ ደግሞ ተማሪው ሌላ ነው፦ ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጅ ሕፃን፣ ጋብቻ ያሰቡ ወጣቶች፣ ማንበብ ሳይችሉ ዳዊትን በቃላቸው የያዙ እናት። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አነጋገር ማግኘት የዶክትሬት ጽሑፍ ከመጻፍ ይከብዳል።

ቤተ ክርስቲያኗን ማየት ለሚፈልግ አንድ ነገር ልጨምር። የምትገኘው በቫቲካን በር ውስጥ ነው፤ እንደ ባዚሊካው ተሰልፎ የሚገባባት አይደለችም። ፈቃድ ያስፈልጋል። ከገቡ ግን የግዕዝ ጽሑፍ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች ሳያነቡ አይውጡ።