በስልክ መስመር ለሚመጣ ኢንተርኔት ራውተር ሲገዙ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ራውተር ሁሉ አንድ ነው።»

አይደለም። ከጀርባው «ዲኤስኤል» የተባለ ጠባብ የስልክ ገመድ መግቢያ (አርጄ11) ከሌለው ውስጡ ሞደም (የስልክ መስመሩን ሲግናል ለኢንተርኔት የሚተረጉመው ክፍል) የለም። «ዋን» የሚለው ሰፊው መግቢያ ለኔትወርክ ገመድ ነው። የስልክ ገመድ እዚያም ስለሚገባ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መስመር አያገኝም፣ የዳር ፒኖቹንም ሊያጣምም ይችላል። እንዲህ ያለ ራውተር ቀድሞ ካለዎት ብሪጅ ላይ የተስተካከለ (መስመሩን ለራውተሩ ብቻ የሚያሳልፍ) ሞደም ብቻ ገዝተው በዋን በኩል ያገናኙት።

«ዘመድ ከጀርመን የላከው ይበልጣል።»

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ጀርመን ውስጥ አይኤስዲኤን የተባለው ዲጂታል የስልክ መስመር ተስፋፍቶ ነበር። እሱ እስከ 120 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሚይዝ፣ የዲኤስኤል ዓይነት የሆነው የዚያ አገር ኤዲኤስኤል (አኔክስ ቢ የተባለው ስሪት) ከቤት የሚልክበትን ሞገድ ከ138 ኪሎኸርዝ በላይ ጀመረ። በተራ የስልክ መስመር ላይ የሚሠራው አኔክስ ኤ ግን ከ25 እስከ 138 ባለው ውስጥ ይልካል። ሁለቱ አይግባቡም፤ የዲኤስኤል መብራቱ ብልጭ ድርግም እንዳለ ይቀራል። ሁለቱንም የሚቀበሉ ሞዴሎች ስላሉ ከመላኩ በፊት ከሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አስነሥተው ያረጋግጡ።

«ውድ ራውተር ፍጥነት ይጨምራል።»

ዋይፋዩን ሊያሻሽል ይችላል፤ መስመሩን ግን አያሳጥርም። ፈጣኑ የኤዲኤስኤል ስሪት፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ፣ ጣሪያው 24 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፣ እሱም ለስልክ ማዕከሉ ቅርብ ለሆነ ቤት። በራውተሩ ገጽ ላይ «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚለውን (ሲግናሉ ከመስመሩ ጫጫታ በላይ ያለውን ትርፍ) ይዩ፦ ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መቆራረጥ ይጠብቁ። ያኔ ስልኮቹን ሁሉ ነቅለው፣ ራውተሩን መስመሩ ቤት በሚገባበት የመጀመሪያ ሶኬት ላይ በአጭር ገመድ ይሞክሩት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የቤትዎ ሽቦ ነው፤ ካልተለወጠ ለአገልግሎት ሰጪው ያመልክቱ።

«ማጣሪያው ለራውተሩ ነው።»

የስልኩን ድምፅና የኢንተርኔቱን ሲግናል የሚለየው ይህ ትንሽ ዕቃ ለስልኩ ነው። እያንዳንዱ ስልክ የራሱን ይፈልጋል። ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔት የሚቋረጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

«የዲኤስኤል መብራት ከበራ አለቀ።»

ያ መስመሩ መያዙን ብቻ ይናገራል። የፒፒፒኦኢ (ወደ አገልግሎት ሰጪው መግቢያ) የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም መረጃው በመስመሩ የሚሄድበትን መንገድ የሚለዩት የቪፒአይና ቪሲአይ ቁጥሮች ይቀራሉ። ቁጥሮቹ እንደ አገልግሎት ሰጪው ስለሚለያዩ፣ አሮጌውን ሪሴት ከማድረግዎ በፊት ገልብጠው ይያዙ።

«ነጎድጓድ ሲመጣ ከመብራት መንቀል ይበቃል።»

የስልኩንም ገመድ ይንቀሉ፤ ኃይሉ በእሱም ይገባል። የዲኤስኤል ክፍሉ ተቃጥሎ ዋይፋዩ የሚሠራ ራውተር ደህና ስለሚመስል፣ ያገለገለ ሲገዙ በሚሠራ መስመር ላይ ሳይሞክሩ አይክፈሉ።