በቀኑ ጎን የሚበራው አውሮራ፦ የፀሐይ ነፋስ ፕሮቶኖች በየት በኩል ይገባሉ?

አውሮራ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘው አረንጓዴ መጋረጃ ነው። ያ በአብዛኛው የኤሌክትሮኖች ሥራ ነው። የፕሮቶን አውሮራ ግን ደብዘዝ ያለና የተበተነ ስለሆነ በዓይን መለየቱ ይከብዳል። አንደኛው ዓይነት ደግሞ የሚታየው ጭራሽ ፀሐይ በምትመታው የመሬት ጎን ነው።

መነሻው የፀሐይ ነፋስ ነው። በዋናነት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ተሸክሞ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነጉዳል። እኛ ጋ ለመድረስ አራት ቀን አካባቢ ይፈጅበታል። ደርሶ ግን ዝም ብሎ አይገባም። የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከ60 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ይጋረጥበትና በዙሪያው እንዲያልፍ ያስገድደዋል።

ጋሻው ሁለት ሳሳ ያሉ ቦታዎች አሉት። በፀሐይ በኩል ያሉት የመግነጢስ መስመሮች ከፊት ታጥፈው ይዘጋሉ። ከዋልታዎቹ አካባቢ የሚነሱት ደግሞ ወደ ኋላ ይጎተታሉ። በሁለቱ መካከል፣ በሰሜንም በደቡብም፣ እንደ ጥሩንባ አፍ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ክፍተት ይቀራል። ከስፕ የሚባለው ይህ ነው።

ክፍተት አለ ማለት ግን በሩ ወለል ብሏል ማለት አይደለም። ወሳኙ የፀሐይ ነፋሱ ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ነው። ወደ ደቡብ ካዘነበለ የእሱና የመሬት መስመሮች ከፊት ለፊት ተበጥሰው እርስ በርስ ይቀጠላሉ። ወደ ሰሜን ከሆነ ቅጥያው ከከስፑ ጀርባ ይፈጸማል። ፕሮቶኖቹ በተቀጠለው መስመር ላይ እየተሽከረከሩ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ደስ የሚለው። ወራጁ ፕሮቶን ከአየሩ ጋር ሲጋጭ አንድ ኤሌክትሮን ይነጥቅና ሃይድሮጅን አተም ይሆናል። አሁን የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስለሌለው መግነጢሱ አይይዘውም፤ መስመሩን ጥሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ በሌላ ግጭት ኤሌክትሮኑን ይነጠቅና እንደገና ፕሮቶን ይሆናል። ይህ ደጋግሞ ይከሰታል። ብርሃኑን የሚሰጠው አተም በሆነበት ጊዜ ነው። ብርሃኑ ጠርዝ የሌለውና የተበተነ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

የኖርዌዩ የፊዚክስ ሊቅ ላርስ ቬጋርድ የሃይድሮጅን መለያ የሆነውን የብርሃን ሞገድ በአውሮራ ብርሃን ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር። ዛሬ ዋናው ፍንጭ 121.6 ናኖ ሜትር ላይ ያለው ላይማን አልፋ የተባለው አልትራቫዮሌት ነው። አየር ስለሚውጠው ከጠፈር ካልሆነ አይታይም። ችግሩ መሬትን የከበበው የሃይድሮጅን ደመናም በዚሁ ሞገድ ያበራል። ደግነቱ ፕሮቶኖቹ ከሳተላይቱ እየራቁ ስለሚወርዱ የብርሃናቸው ሞገድ ረዘም ይላል፤ መሣሪያው በዚች ልዩነት ይለያቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የመጠቀችው ኢሜጅ ሳተላይት ያደረገችው ይህንኑ ነው። መጋቢት 2002 ላይ ከከስፑ ግርጌ አንዲት የፕሮቶን ነጠብጣብ ለሰዓታት ሳትጠፋ ስትበራ አየች። በዚያው ጊዜ የክላስተር ሳተላይቶች መስመሮቹ በሚቀጠሉበት ቦታ አልፈው የፕሮቶኖቹን ፍሰት ለኩ። ሁለቱ ገጠሙ። ቅጥያው ብልጭ ድርግም የሚል ብቻ ሳይሆን ያለ ማቋረጥ ለሰዓታት ሊዘልቅ እንደሚችል የታወቀው እንዲህ ነው።

ማርስም የፕሮቶን አውሮራ አላት። እሷ ግን መላ አካሏን የሚጋርድ መግነጢስ ስለሌላት ከስፕ የሚባል ነገር አያስፈልጋትም። ፕሮቶኖቹ ገና ከውጭ፣ በሃይድሮጅን ደመናዋ ውስጥ፣ ኤሌክትሮን ነጥቀው አተም ሆነው ነው የሚገቡት።