የሚጥል በሽታ ሥራ ቦታ ሲነሳ «5 ደቂቃ» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «5 ደቂቃ ጠብቁ» ሲባል እጅን አጣጥፎ መቆም ይመስለዋል። አይደለም። 5 ደቂቃ ማለት ካለፈ አምቡላንስ የሚጠራበት ገደብ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ማንቀጥቀጡ ከጀመረበት ቅጽበት ነው፣ እስከዚያም የምትሠሩት አለ።

ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው እንበል፤ ባልደረባችሁ ማሽን አጠገብ ወደቀች። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ። ሹል ነገር አርቁ፣ ነጠላም ሆነ ጋቢ አጣጥፋችሁ ከጭንቅላቷ ሥር አድርጉ፣ አንገቷ ላይ የጠበቀ ሻሽ ካለ አላሉላት። ጨምድዳችሁ አትያዟት። አፏ ውስጥ ማንኪያም፣ ጨርቅም፣ ጣትም አታስገቡ። ምላስ አይዋጥም፣ ጥርስ ግን ይሰበራል። ክብሪት ማሽተቱማ በፍጹም ይቅር! ጭሱ ምንም አይረዳትም፣ ጥጥ ባለበት ክፍል ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ሲያቆም ምራቋ እንዲወጣ በጎኗ አስተኟት። በደንብ ሳትነቃ ውኃም አትስጧት። ዓይኗን ስትገልጥ ግራ ይገባታል፣ ታፍራለችም፤ የከበበውን ሰው በትኑና «አብሽሪ፣ አለንልሽ» በሏት።

5 ደቂቃ ካለፈ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ፣ ካልመጣ ባገኛችሁት መኪና ሐኪም ቤት አድርሷት። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ስትወድቅ ከተጎዳች፣ ሳትነቃ ደግሞ ከተነሳባት፣ ትንፋሿ ካልተመለሰ ወይም ከዚህ በፊት ይዟት የማያውቅ ከሆነ ግን 5 ደቂቃ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ደውሉ።